የአያትሽን ስም ፖስታ ሣጥኑ ላይ ለጥፊ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤ ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ነርስ ነኝ፤ ከሐዋሳ ነው የመጣሁት። ካስል ያለ አንድ ሆስፒታል ቀጥሮኝ ጀርመን ከገባሁ ዛሬ ሃያ ሁለት ቀን ሆነኝ። ያረፍኩት እህቴ የምታውቃት አንዲት አበሻ ቤት ነው። አንድ ክፍል ሰጥታኛለች፤ በወር 320 ዩሮ እከፍላታለሁ። ጥሩ ሰው ናት። አድራሻዬን ለማስመዝገብ ፊርማዋን ስጠይቃት ግን «እሱን እንኳ ተዪኝ» አለችኝ። ሆስፒታሉ የግብር ቁጥር አምጪ ይለኛል። ባንኩ የአድራሻ ወረቀት አምጪ ይለኛል። አንድ ሰው ደግሞ በ400 ዩሮ አድራሻ ላውጣልሽ ብሎኛል፤ ሁሉም የሚያደርገው እንዲህ ነው ይላል። ቪዛዬ የቀረው አራት ወር ነው። የቱን ላስቀድም? ሌላም ግራ የገባኝ ነገር አለ። ሥራ ቦታ የሚጠሩኝ በአያቴ ስም ነው። ይህስ ይስተካከል ይሆን?

ስሜ አይገለጽ፣ ከካስል

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ደህና ገባሽ።

ከሁሉ በፊት ለዚያ ሰው 400 ዩሮ እንዳትሰጪው። ሰጥተሽው ከሆነም ገንዘቡ ይቅር፤ እሱ የሚሰጥሽን ወረቀት ይዘሽ ግን ቢሮ እንዳትሄጂ። በጀርመን የነዋሪዎች ምዝገባ ሕግ፣ ሰው ለማይኖርበት ቤት አድራሻ የሚሰጥ ሰው እስከ 50,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። አንቺም ከነገሩ ንጹሕ አትሆኚም። ነገ ከነገ ወዲያ የመኖሪያ ፈቃድ የምትጠይቂው ከዚሁ መንግሥት ነው። ደግሞ አስቢው፤ የባንክ ካርድሽ፣ የካርዱ የሚስጥር ቁጥር፣ የግብር ደብዳቤሽ፣ ሁሉም ወደማታውቂው ሰው ደጃፍ ነው የሚሄደው። የሚሸጥልሽ ሰው ይህን አይነግርሽም።

የቱን ላስቀድም ላልሽው፣ አድራሻውን አስቀድሚ። እዚህ አገር አንሜልዱንግ የሚባለው ምዝገባ ካላለቀ ሌላው ነገር አይነቃነቅም። ሕጉ አንድ ቤት ከገባሽበት ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምንት ይሰጥሻል። አንቺ አልፎሻል፤ ግን አትደንግጪ። ዛሬውኑ የከተማው የነዋሪዎች ቢሮ ቀጠሮ ያዢ። የቀጠሮውን ማረጋገጫ አትመሽ አስቀምጪ። ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ እንደ ልብ እንደማይገኝ ሠራተኞቹ ራሳቸው ያውቁታል። ጥቂት ቀን ዘግይቶ በራሱ ፈቃድ የመጣን ሰው ሲያስቸግሩ እኔ አላየሁም።

ለቀጠሮው ፓስፖርትሽን፣ የምዝገባ ቅጹን፣ እና ያስጠጋሽ ሰው የፈረመበትን አንድ ገጽ ትይዣለሽ። ይህ አንድ ገጽ ስሙ ረጅም ነው፤ ቮኑንግስጌበርበሽቴቲጉንግ ይሉታል። ‹ይህች ሰው በዚህ ቀን ቤቴ ገብታለች› ከማለት የዘለለ ነገር የለበትም። የኪራይ ውል በዚህ ፈንታ አያገለግልም። ብዙ ሰው ውሉን ይዞ ሄዶ ተመልሷል።

አሁን ወደ አስጠጊሽ ልምጣ። እሷም የራሷ ፍርሃት አለባት። ምናልባት ቤቱን ስትከራይ ሰው ላስገባ ብላ ባለቤቱን አላስፈቀደችም። ምናልባት የመንግሥት ድጎማ ትቀበላለች፤ የአንቺ ስም ቤቷ ላይ ከተመዘገበ ይቀነስብኛል ብላ ሰግታለች። ክፉ ሰው ሆና አይደለም። ስለዚህ ጥል ሳትፈጥሪ፣ ቡና ተፈልቶ ሰከን ባላችሁበት ሰዓት ጠይቂያት። «ምንድን ነው የሚያስፈራሽ?» በያት። ፍርሃቷ የባለቤቱ ፈቃድ ከሆነ አብራችሁ ደብዳቤ መጻፍ ትችላላችሁ። ዋና ተከራይ ከሆነች ፈራሚዋ ራሷ ናት፤ የሕንፃው ባለቤት መፈረም የለበትም። ይህን ስላላወቁ ብቻ እምቢ የሚሉ ብዙ ናቸው።

ሁሉን ሰምታም እምቢ ካለችሽ፣ ሕጉ አስጠጊ ሰው እንዲፈርም ያስገድዳል። ካልፈረመ ደግሞ ለምዝገባ ቢሮው ሳትዘገዪ ማሳወቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ። እኔ ግን እዚያ ከመድረስሽ በፊት ሌላ በር ብታንኳኪ እመርጣለሁ። ነገ ጠዋት የሆስፒታሉ ሠራተኛ አስተዳደር ዘንድ ሂጂና የሠራተኛ መኖሪያ ክፍል እንዳላቸው ጠይቂ። ከውጭ ነርስ የሚያስመጡ ብዙ ሆስፒታሎች አላቸው፤ ሳይጠየቁ ግን አይናገሩም። እዚያ ከገባሽ ፈራሚው አሠሪሽ ይሆናል፤ አስጠጊሽም እንደወደደችሽ ትቀራለች።

ከተመዘገብሽ በኋላ ሌላው እንደ ዶቃ ተያይዞ ይመጣል። የግብር ቁጥርሽን ማመልከት አያስፈልግሽም። ቦን ከሚገኘው የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት በፖስታ ይልኩልሻል። 11 አሃዝ ነው፤ ዕድሜ ልክሽን አይቀየርም። ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። የመጀመሪያው ደሞዝሽ ቁጥሩ ሳይመጣ ከደረሰና አሠሪሽ በስድስተኛው የግብር መደብ ካስላው፣ እጅሽ የሚገባው ያሳዝንሻል። አታልቅሺ፤ ቁጥሩ ሲደርስ ይስተካከላል። ደሞዝ ክፍሉ ካላስተካከለውም በዓመቱ የግብር ማስታወቂያ ታስመልሺዋለሽ። የጤና መድኑን ግን አድራሻ ሳትጠብቂ አሁኑኑ ምረጪ። የመድን ድርጅቱን፣ ክራንከንካሰውን፣ የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ዋናው መዋጮ ከደሞዝሽ 14.6 በመቶ ነው፤ ተጨማሪም አለው፤ ግማሹን አሠሪሽ ይከፍላል። ለባንኩ ደግሞ በሕጋዊ መንገድ ያለሽ ነዋሪ በመሆንሽ መሠረታዊ ሒሳብ የመክፈት መብት እንዳለሽ ንገሪያቸው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልድረስ። ስለ አያትሽ ስም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ፍራንክፈርት ስገባ የተከራየሁት አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ነበር። ተመዘገብኩ። የግብር ደብዳቤዬን መጠበቅ ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት፣ አምስት ሳምንት፤ ምንም የለም። የባንክ ካርዴም አልመጣም። ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ «ተልኮልሻል» አሉኝ። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ታች መግቢያው ላይ ወደተደረደሩት የብረት ሣጥኖች እሄዳለሁ። አሥራ ስድስት ነበሩ። እያንዳንዱ ላይ የቤተሰብ ስም ብቻ ተጽፏል። የክፍል ቁጥር የለም።

እኔ ያልገባኝ ይህ ነበር። እኛ አገር ቤት የሚታወቀው በሰፈር፣ በቀበሌ፣ በቤት ቁጥር ነው። እዚህ በአብዛኛው የሕንፃው ቁጥር እንጂ የክፍሉ ቁጥር አይጻፍም። ፖስተኛው የሚፈልገው ስም ነው። ሣጥኑ ላይም ደወሉ ላይም ስምሽን ካላየ ‹ተቀባይ አልተገኘም› ብሎ ይመልሰዋል።

ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ናቸው ይህን የነገሩኝ። ጀርመንኛዬ ገና ስለነበር እጄን ይዘው ወርደው ሣጥኑን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ናመ፣ ናመ» አሉኝ። ስም፣ ስም። ወዲያው ወጥቼ ከመድኃኒት ቦርሳዬ ነጭ የቁስል ፕላስተር ቆረጥኩ። ሰፊውን፣ የፋሻ ማሰሪያውን። ስሜንና የአባቴን ስም በእስክሪብቶ ጽፌ ለጠፍኩ። ደስ አለኝ።

ደብዳቤው እንደገና ተመለሰ።

ለምን? በፓስፖርቴ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የተጻፈው የአያቴ ስም ነበር። ለጀርመኖች እኔ ፍራው አያሌው፣ ማለትም ወይዘሮ አያሌው ነኝ። ደብዳቤው የተላከው ለፍራው አያሌው ነው። እኔ ደግሞ ሣጥኑ ላይ አያሌውን አልጻፍኩም። አገር ቤት ሰው በአያቱ ስም አይፈለግማ። ሐኪም ቤትም እንዲሁ ሆነ። ጸሐፊዋ «ፍራው አያሌው» ብላ ሦስት ጊዜ ተጣራች። ሌላ ሰው የምትጠራ መስሎኝ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። ተራዬ አለፈ።

ስለዚህ ይስተካከል ይሆን ላልሽው፣ እህቴ፣ እንዳታስተካክዪው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የሚወጣው ብዙ ጊዜ የአያት ስም ነው። ፓስፖርትሽ ላይ እንደዚያ ከተጻፈ እዚህ አገር ስምሽ እሱ ነው። ምዝገባው ላይ፣ ባንኩ ላይ፣ ደሞዝሽ ላይ፣ የሥራ ውልሽ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ ጋ በአባትሽ፣ ሌላው ጋ በአያትሽ ከተጻፈ ሁለት ሰው ትሆኛለሽ። ሁለት ሰው መሆንሽ የሚታወቅሽ ደግሞ በጣም በሚያስቸኩልሽ ቀን ነው። የላቲን አጻጻፉንም ፊደል በፊደል ተመልከቺው። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ የሚሉት ስሞች አንዱ ወረቀት ላይ ተያይዘው፣ ሌላው ላይ ተለያይተው ይጻፋሉ። ዲፕሎማሽ ላይ ያለው ከፓስፖርትሽ ከተለየ፣ የነርስነት ዕውቅናሽን የሚያየው መሥሪያ ቤት ሳይጠይቅሽ በፊት በርሊን ያለውን ኤምባሲያችንን ወይም ፍራንክፈርት ያለውን ቆንስላ ጠይቂ።

ዛሬ ማታ አራት ማዕዘን ወረቀት ቁረጪ። በትልቁ የአያትሽን ስም ጻፊ፤ ሥሩ የራስሽን። ሣጥኑ ላይ ለጥፊ፤ ደወሉ ላይም። ቤቱ የሌላ ሰው ስለሆነ አስጠጊሽን አስፈቅጂ።

እኔ አያቴን አላውቃቸውም። እኔ ሳልወለድ ነው የሞቱት፤ ጎጃም ገበሬ ነበሩ፣ ከወረዳቸው ወጥተው አያውቁም። አሁን ስማቸው ፍራንክፈርት ውስጥ በቤቴ በር ላይ፣ የሥራ ካርዴ ላይ አለ። የምንከባከባቸው አዛውንቶች በየቀኑ ሲጠሩኝ የሚጠሩት እሳቸውን ነው። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። ስሜን የተቀማሁ መስሎኝ። ቆይቶ ወደድኩት። አንቺም ቀስ ብለሽ ትለምጅዋለሽ።

ከስሙ ጋር የልደት ቀንሽንም ተመልከቺ። ፓስፖርትሽ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የትምህርት ማስረጃሽና ከቀበሌ ያወጣሽው ወረቀት ግን በእኛ ሊሆን ይችላል። ጥቅምት 12 ቀን 1985 የተወለደች ልጅ በፈረንጅ ኦክቶበር 22 ቀን 1992 ማለት ነው። ወረቀቷ ላይ በቁጥር ብቻ 12/2/1985 ተብሎ ከተጻፈ ግን ጀርመኑ የሚያነበው ፌብሩዋሪ 12፣ 1985 ብሎ ነው። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አረጀች፤ ከፓስፖርቷም ተጣላች። ለተርጓሚ ስትሰጪ ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ይሁን፤ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደሆነም በግልጽ እንዲጽፍልሽ ለምኚው።

ቪዛሽ አራት ወር ቀረኝ ብለሻል። አራት ወር እዚህ አጭር ነው። እንደተመዘገብሽ ለውጭ ዜጎች ቢሮ ለመኖሪያ ፈቃድ አመልክቺ። ቁም ነገሩ ቪዛው ሳያልቅ ማመልከቻሽ እጃቸው መግባቱ ነው። ካርዱ ቢዘገይ እንኳ ማመልከቻሽ እየታየ መሆኑን የሚገልጽ ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጡሻል፤ ፊክሲዮንስበሻይኒጉንግ ይባላል። እሱን ይዘሽ ለገና አገር ቤት ደርሼ ልምጣ ከማለትሽ በፊት ግን በዚያ ወረቀት ተመልሶ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፤ ሁሉም ዓይነት አያስገባም። ካርዱ ሲመጣ አብሮት ያለውን ተጨማሪ ቅጠልም አንብቢ። የአሠሪሽ ስም እዚያ ከተጻፈ፣ ቢሮውን ሳታነጋግሪ ሥራ እንዳትቀይሪ።

ስለ ደብዳቤ ሁለት ነገር ልጨምር። ከተመዘገብሽ በኋላ ስለ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ ወረቀት ይመጣልሻል። ማስታወቂያ ይመስላል፤ አትጣዪው። ቴሌቪዥን ኖረሽም አልኖረሽም በቤት በወር 18.36 ዩሮ ነው። አስጠጊሽ የምትከፍል ከሆነ የእሷን የክፍያ ቁጥር ጽፈሽ ትልኪላቸዋለሽ፤ ለአንድ ቤት አንድ ሰው ይበቃል። ቢጫ ፖስታ የመጣ ቀን ደግሞ ፖስታውን ራሱን አስቀምጪ። ፖስተኛው ያደረሰበትን ቀን በእጁ ጽፎበታል፤ የመቃወሚያ ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ጀምሮ ነው። ደብዳቤውን ይዘው ፖስታውን የጣሉ ሰዎች ቀኑን ማስረዳት አቅቷቸው አይቻለሁ።

መንጃ ፈቃድ ካለሽ፣ የኢትዮጵያው የሚያገለግልሽ ነዋሪ ከሆንሽበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የጽሑፍም የመንዳትም ፈተና ነው። የጽሑፉን በእንግሊዝኛ መፈተን ትችያለሽ፤ በአማርኛ የለም።

ጥያቄ

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ሙኒክ በሶፍትዌር ሥራ ተቀጥሬ ከመጣሁ አምስት ወሬ ነው። ስመዘገብ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነኝ፤ ወንጌላዊ ነኝ አልኩ። አሁን በየወሩ ከደሞዜ የቤተ ክርስቲያን ግብር ይቆረጣል። እምነቴን አልክድም። ግን ማንም አልነገረኝም። ምን ላድርግ?

ወንድማችሁ፣ ከሙኒክ

መልስ

ወንድሜ፣ እምነቴን አልክድም ማለትህ ልቤን ነክቶታል። እንድትክድም አልመክርህም።

የሆነው እንዲህ ነው። በጀርመን ካቶሊክና ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ከአባሎቻቸው ገንዘብ የሚሰበስቡት በመንግሥት ግብር ሰብሳቢ በኩል ነው። ቅጹ ላይ ወንጌላዊ የሚለው ሲመዘገብ እንደ አባል ተቆጠርክ። መጠኑ ሙኒክ ባለችበት ክልል፣ በባየርን፣ 8 በመቶ ነው። የሚታሰበው ግን ከደሞዝህ ሳይሆን ከገቢ ግብርህ ነው። በወር 300 ዩሮ ግብር የሚቆረጥብህ ከሆነ የቤተ ክርስቲያኑ 24 ዩሮ ነው። የከፈልከውንም በዓመቱ የግብር ማስታወቂያ ላይ አስገባ፤ ግብር የሚታሰብበት ገቢህ ይቀንስልሃል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እንዲህ ያለ ግብር ስለማታስቆርጥ፣ ኦርቶዶክስ ጓደኞችህ ይህን ጉዳይ ላያውቁት ይችላሉ።

ግብሩን ለመተው የሚቻለው ሽታንደስአምት በሚባለው የልደትና የጋብቻ መዝገብ ቢሮ ቀርቦ ከቤተ ክርስቲያኗ መውጣትን በፊርማ በማሳወቅ ነው። ክፍያ አለው። ከመፈረምህ በፊት ግን የሰፈርህን የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሄደህ አነጋግር። ያ ፊርማ ለመንግሥት የግብር ጉዳይ ነው፤ ለእነሱ ግን ከአባልነት መውጣት ነው። ልጅ ስታስጠምቅ፣ ስታገባ ጉዳዩ ይነሳል። የአማርኛ ጉባኤያችሁ የሚሰበሰበው በእነሱ አዳራሽ ከሆነም፣ ኪራዩን ማን እንደሚከፍል ጠይቅ። እሱን ካወቅህ በኋላ ወስን።